እየራራንለት የከሳ ሐይቅ

ፕሪቸት ሐይቅ፣ ሚዙሪ
ጁን 12

ለልጅ ልጄ ለሎርና፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ፣ ከቀኝ ጆሮዬና ከጎረቤቶቼ በስተቀር ደህና ነኝ። አላስካ ያለሽበት ወንዝ ዳር ስልክ ስለሌለ በደብዳቤ እንገናኝ ማለትሽ ለእኔ በጀኝ። አክስትሽ ግሬታ ስትደውልልኝ የምሰማው ግማሹን ነው፤ የምመልሰው ደግሞ ላልሰማሁት ግማሽ።

ሥራሽን ገብቶኝ እንደሆነ ጠይቀሻል። ገብቶኛል። ወንዙን በአጥር ዘግተሽ፣ በሩ ላይ ቆመሽ፣ የሚያልፈውን ሳልሞን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልሽ ትቆጥሪያለሽ። ስድስት ዓመት ኮሌጅ ተምረሽ። እስከ መቶ መቁጠር እዚሁ ደጃፌ ላይ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስተምሬሽ ነበር፤ ያኔ ብትነግሪኝ የዓሣ ባለሙያ መሆንሽን ወረቀት እሰጥሽ ነበር።

ጥናትሽን የሐይቃችን ነዋሪዎች ማኅበር እንዴት እንደተቀበለው እንድነግርሽ ለምነሻል። በጭብጨባ። ከዚያ በኋላ መሳቢያ ውስጥ።

እንደነገርሽኝ አደረግሁ። በኤፕሪል በጀልባዬ ላይ ሁለታችን የመዘንናቸውን ባስ የሚባሉ መቶ ሠላሳ ዓሦች አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። ሁሉም አሥር ኢንች፣ አሥራ አንድ ኢንች፤ ጭንቅላታቸው የጎልማሳ፣ ሆዳቸው ከጀርባቸው የተጣበቀ። በጆሮው ውስጥ ያለችውን ድንጋይ ሰንጥቀሽ የዕድሜ ቀለበቷን የቆጠርሽለት ሰባት ዓመቱ ነው ስል ሳቁ። የሠላሳ ዓመት ሰው የሕፃን ጫማ ሲያደርግ ያስቃል፣ እውነት ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩ፦ ባስ ሐይቁን ሞልቶታል፣ የሚበላው ትንንሽ ዓሣ አልቆበታል፤ በዓመት ከአሥራ ሁለት ኢንች በታች የሆኑ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ባሶች አውጥታችሁ ብሉ፣ የቀሩት ይወፍራሉ።

ሊቀመንበራችን ቨርሊን ኦክስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ሲናደድ እንደዚያ ነው።

«ኤልሮይ፣ ዓሣው ከሳ ትላለህ፣ ደግሞ ግደሉት ትላለህ። የከሳ ሰው ስታይ ትገድላለህ?»

«ሃያ ሰው በአንድ ሳህን ሲበላ ካየሁ፣ ወይ ሳህን እጨምራለሁ ወይ ሰው እቀንሳለሁ። ሐይቁ ያለው አንድ ሳህን ነው።»

«እኔ ሳህኑን ሙሉ ነው የማየው» አለና ከስልኩ ውስጥ መዳፍ የሚያህል ብሉጊል፣ ባሶቹ ጫጩቱን የሚበሉትን ዓሣ፣ አሳየን። «ይህ የተራበ ሐይቅ ዓሣ ነው?»

ባሶቹ የብሉጊሉን ጫጩት ሁሉ ስለሚጨርሱ፣ ያመለጡት ጥቂቶች ያለ ተፎካካሪ እንደሚወፍሩ አንቺ ጽፈሻል። ይህን ላስረዳ ስነሳ ጎረቤቴ ኢዶራ ፕላንክ ኬክ ይዛ ገባች። ከኬክ ጋር ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው አላውቅም። እሷም ብትሆን ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ «በጀልባ ማቆሚያው ሥር ያሉትን በስም አውቃቸዋለሁ፣ እንዴት አድርጌ እጠብሳቸዋለሁ?» አለች።

ይልቅ ቨርሊን የራሱ መፍትሔ አለው። በፀደይ ከእርባታ ጣቢያ አምስት መቶ ምርጥ ዘር ባሶች ገዝተን እንጨምር ይላል። ባዶ ማእድ ላይ አምስት መቶ እንግዳ።

የሚያናድደኝን ልንገርሽ። ባስ የያዘ ሁሉ መልሶ ይልቀቅ የሚለውን ደንብ በ1986 የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያኔ ሰዉ በጆንያ ይጭን ስለነበር ልክ ነበርኩ። ቨርሊን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አንድ ባስ ኮቱ ውስጥ ሸሽጎ ሲሄድ ያዝኩትና እጮኛው እያየች መልሶ እንዲለቅ አደረግሁት። ይኸው ዛሬ ሊቀመንበር ሆኖ በእኔው ወረቀት ይገርፈኛል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይላሉ፤ እኔ ግን ቁናውንም ጠርቤ የሰጠሁት ራሴ ነኝ።

ብቻህን ምንም እንዳታደርግ ቃል ግባልኝ ያልሽው ነገር ላይ፣ ብዕሩ ቀለም እየጨረሰ ስለሆነ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

አያትሽ ኤልሮይ ራደማከር


የቆጠራ ጣቢያው፣ አላስካ
ጁን 26

አባባ፣

ደብዳቤህ በአሥራ ሁለት ቀኑ ደረሰኝ። አውሮፕላኑ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ጭጋግ ከወረደ እሱም የለም። እዚህ ስለመጣብን ድብ ግሬታ የነገረችህን አጋንናለች። ድቡ የመጣው ለሳልሞኑ እንጂ ለእኔ አልነበረም፤ እኔም መንገድ ለቀቅሁለት፣ በሰላም ተለያየን።

ስብሰባውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ ተናደድኩ። አርባ ምናምን አዋቂ ሰው አንድ ሐይቅ በደግነት ሲያስርብ ቁጭ ብሎ ማየት ምን እንደሚመስል ከአንተ በላይ የሚያውቅ ስለሌለ አልደግምልህም። በዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ ሰዎች ይህን በሽታ በየሐይቁ አይተውታል። ሰው ዓሣ መብላት ሲተው ራሱን የዓሣ ወዳጅ አድርጎ ይቆጥራል። ዓሣው ግን ይህን አያውቅም። ዓሣው የሚያውቀው መራቡን ነው።

ግን ቃል አልገባህልኝም። የብዕርህ ቀለም ደግሞ እስከ ፊርማህ ድረስ አልደበዘዘም፤ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሒሳቡን ራሴ ልሥራልህ። አርባ ስምንት ኤከር፣ በኤከር ሃያ አምስት ባስ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ። አንተ ጉልበትህ ፈቅዶ በቀን አሥር ብትይዝ፣ አንድም ቀን ሳታርፍ አራት ወር ይፈጅብሃል። ይህ ነገር የሚሠራው ሁሉም ሰው ጥቂት ጥቂት ሲወስድ ብቻ ነው። ብቻህን ብታወጣ ሐይቁ አይሰማውም። የሚሰማው ቨርሊን ነው።

ደብዳቤውን ተከትሎ የመጣው ፖስት ካርድህም ደርሶኛል። ጀርባው ላይ አንድ መስመር ብቻ፦ «ለሃምሳ ሰው ስንት አሥር ኢንች ዓሣ ይበቃል?»

ለምን ትጠይቀኛለህ? መልሱን አልጽፍልህም። አንተ ግን የእኔን ጥያቄ መልስ።

ሎርና


ፕሪቸት ሐይቅ
ጁላይ 9

ለሳልሞን ቆጣሪዋ፣

ጤናሽን እመኛለሁ፤ ድቡንም ሰላም በይልኝ። መልሱን አልጽፍም ያልሽው ደብዳቤ የደረሰኝ ዓሣው ከተበላ በኋላ ስለሆነ አልተቀየምኩሽም። በግምት ሠራሁት። በቃ፤ እንዲያውም ተረፈ።

እንግዲህ ስለ ጁላይ አራት በዓል የዓሣ ጥብስ ትጠይቂያለሽ። በየዓመቱ ምን እንደምንበላ አልረሳሽም መቼም። ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክለን፣ ሐይቁን እያየን፣ ከሱቅ በበረዶ የመጣ ካትፊሽ የሚባል ዓሣ እንበላለን። ከየት እንደመጣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ የቻለ የለም። ዘንድሮ ዓሣውን እኔ አመጣለሁ አልኩ። ሰዉም ሽማግሌው ደግ ሆነ ብሎ መረቀኝ።

በቆሎ ዱቄት ለውሼ፣ በርበሬ ጣል አድርጌ፣ ዘይቱን አግዬ ጠበስኩት። ኢዶራ ሁለተኛ ሳህኗን ይዛ መጣች።

«ኤልሮይ፣ ይሄ ምን ዓሣ ነው?»

«የእኛው ነው።»

«ብሉጊል? እንዲህ የሚያህል?»

«የእኛ ሐይቅ ብሉጊል ትልቅ እንደሆነ ቨርሊን ፎቶ አሳይቶሽ የለ?»

ውሸት አልተናገርኩም፤ መልሼ ጠየቅሁ እንጂ። ቨርሊን አሥራ አንድ ቁራጭ በላ። ቆጠርኩለት፤ ቆጠራ በዘራችን አለ። አፉ ሙሉ ሆኖ፣ «ከሱቁ ይሻላል፣ በየዓመቱ እንዲህ መሆን አለበት» ሲል በዚህች በደህናዋ ጆሮዬ ሰማሁ።

ያሰብኩት እንዲህ ነበር። ሁሉም ከጠገበ በኋላ ተነስቼ፣ የበላችሁት ባስ ነው፣ እናንተም አልሞታችሁም ሐይቁም አልሞተም ልል ነበር። ንግግሩን መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ሦስት ቀን ተለማምጃለሁ። ልነሳ ስል ቨርሊን ቀደመኝ። የሎሚ ጭማቂውን አንስቶ፣ ማኅበሩ ዘንድሮ አንድ ሰው ሊያከብር ይፈልጋል፣ ዓሣን መልሶ መልቀቅ ያስተማረንን ሰው ብሎ የናስ ሰሌዳ ሰጠኝ። ስሜ ተቀርጾበታል። ሰዉ ቆሞ አጨበጨበ። አፌ ውስጥ የነበረውን ባስ ዋጥኩና ተቀመጥኩ።

አንድም ቀን በዚህ ዓይነት ንዴት ውስጥ ሆኜ አመሰግናለሁ ብዬ አላውቅም።

ሌላ ወሬ የለም። ቲማቲሜ ከሥሩ ደህና ማዳበሪያ ስላገኘ ተመቸው። የቨርሊን ውሻ ባንጆ በየጠዋቱ ይጎበኘዋል። ቲማቲም የሚወድ ውሻ አይቼ አላውቅም።

አያትሽ


የቆጠራ ጣቢያው
ጁላይ 23

አባባ፣

ግሬታ ጽፋልኛለች። አንተ ሌላ ወሬ የለም ባልክበት ሳምንት ውሻው ቲማቲምህን ቆፍሮ የባስ ጭንቅላት በቨርሊን በረንዳ ላይ መደርደር መጀመሩን፣ ቨርሊንም አካፋ ይዞ መጥቶ ስልሳ አራት መቁጠሩን ነግራኛለች። ያን የሚያህል አፍ ብሉጊል ላይ እንደሌለ ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ኦገስት ስምንት ቀን በማኅበሩ ፊት እንደምትቀርብም ሰምቻለሁ። ይህን ከአንተ መስማት ነበረብኝ።

ማልቀስም መሳቅም አማረኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች እየሳቁ ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ለካሃቸው? መዘንካቸው? የአንዱን እንኳ ሆድ ከፍተህ ምን እንደበላ ጻፍክ? ስልሳ አራት ባስ በእጅህ ገብቶ አንድ ቁጥር ሳታስቀር ጠብሰህ አበላሃቸው። በዚያ ላይ ሳያውቁ ያበላኸው ሰው አመነ አይባልም። ተታለለ ነው የሚባለው። አሁን ጥናቴን የሚያነሳ ሁሉ ቀድሞ የሚያስታውሰው የአያቴን ቲማቲም ነው።

የጠየቅኸኝን አልረሳሁም። ቀጥሎ በላክልኝ ፖስት ካርድ ምክንያቱን ሳትነግረኝ «ስለ እኔ ጥሩ ጻፊላቸው» ያልከውን ማለቴ ነው። ከቨርሊን ደብዳቤ መጥቶልኛል፤ አስተያየቴን ጠይቋል። መልሻለሁ። ምን ብዬ እንደመለስኩ አሁን አልነግርህም። አንተም ሁሉን አልነገርከኝም።

ጉልበትህን በበረዶ ያዘው።

ሎርና


ፕሪቸት ሐይቅ
ኦገስት 12

ለሎርና፣

ሰላምታዬ አጭር ነው። ቲማቲሙ ደህና ነው። ውሻውም ደህና ነው፤ በበኩሌ ወፍሮ አይቼዋለሁ፤ በዚህ አካባቢ የወፈረው እሱ ብቻ ነው።

ቅጣቱ ስንት ሆነ ብለሽ በጠየቅሽው፦ አንድ ዓመት። እስከ ሌላው ኦገስት በፕሪቸት ሐይቅ መንጠቆ እንዳልጥል ታግጃለሁ። በትሮቼን ግሬታ ወስዳ ጋራዧ ውስጥ ቆልፋባቸዋለች፤ ቁልፉን የት እንዳኖረች አትናገርም። የገዛ ልጄ።

ደብዳቤሽ እንዴት እንደተነበበም ጠይቀሻል። ቨርሊን ቆሞ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ ቀስ ብሎ አነበበው። ሁሉም በሰማ ጊዜ እኔም በደህናዋ ጆሮዬ ሰማሁ፦ «አያቴ ያደረገው ስህተት ነው። ሳያስፈቅድ፣ ሳይለካ አወጣ፤ ሰዎችን ሳይነግር አበላ። ማኅበሩ ለአንድ ዓመት ከማጥመድ ቢያግደው ተገቢ ነው እላለሁ።»

ቨርሊን ራሱ ስድስት ወር ነበር ያሰበው። ይህን ታውቂያለሽ?

ሎርና፣ እኔ ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ዓመት ለቨርሊን አንድ ዓመት ነው። እኔ ግን ከቀሩኝ ስንት እንደቆረጥሽ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። መቁጠር ያስተማርኩሽ ለዚህ አልነበረም።

ቨርሊን የደብዳቤሽን ሁለተኛ ገጽ ማንበብ እንዳልፈለገ ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር። ግን የጀመረውን የማይጨርስ ሰው አይደለም፤ አነበበው። አርባ ስምንት ኤከር፣ በኤከር ሃያ አምስት፣ አምስት መቶ አዲስ ባስ ቢጨመር የሚሆነው፣ ሁሉንም። ጥናትሽን በጁን እኔ ሳነብላቸው ስቀው ነበር። አሁን የሳቀ የለም። ኢዶራ፣ «የገዛ አያቷን ካልማረች ስለ ዓሣ አትዋሽም» ስትል ሰማሁ።

ድምፅ ተሰጠ፤ ሃያ ሰባት ለአሥራ አራት። ከአሁን ጀምሮ ከአሥራ ሁለት ኢንች በታች የሆነ ባስ የያዘ ሰው በቀን እስከ አሥራ አምስት ይውሰድ ተብሏል። ቨርሊን ግን አንድ ነገር አስገባበት። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሺህ ሁለት መቶው ካልወጣ፣ የአንቺ መንገድ አልሠራም ማለት ነው፤ አምስት መቶዎቹ አዳዲሶች ይታዘዛሉ።

አሸነፍሽ እንግዲህ። እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሌሎች ሲያጠምዱ አያለሁ። ሰው ዓሣ ሲጎረጉር ዘንዶ ያወጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔው ግን ከአላስካ በፖስታ ነው የመጣው።

አያትሽ ኤልሮይ


የቆጠራ ጣቢያው
ኦገስት 28

አባባ፣

ይቅርታ አድርግልኝ። ይህን የምለው ለአንድ ዓመቱ ነው እንጂ ለጻፍኩት እውነት አይደለም። ስለ ስድስት ወሩ አላውቅም ነበር። ቨርሊን በደብዳቤው ከማኅበሩ ስለማስወጣት ነበር ያነሳው፤ ቤትህንም ጀልባ ማቆሚያህንም እንዳያሳጣህ ብዬ ነው አንድ ዓመት ያልኩት። ያን ለምን አልነገርሽኝም አትበለኝ። አንተ ስልሳ አራት ጭንቅላት ከቲማቲም ሥር ቀብረህ ስለ ውሻ ነው የጻፍክልኝ።

ሁለተኛውን ገጽ እንዲያምኑ በመጀመሪያው ገጽ መዋሸት አልችልም ነበር። ስለ አንተ ባልኩት ነው ያመኑኝ። ይህ ሲያሳዝነኝ እንጂ ሲያስደስተኝ ያደርኩበት ቀን የለም።

በፖስት ካርድ የጠየቅኸኝ ስለ ትልልቆቹ ባሶች ነበር። አይነኩም፤ ከአሥራ ሁለት ኢንች በላይ የሆነ ሁሉ ይመለስ። ቀጫጭኖቹ ይውጡ። ቁጥሩ አሁን ስንት ደረሰ?

ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ አጥሩን ነቅለን ወደ ወደቡ ከተማ እንወርዳለን። ሪፖርት ስጽፍ እዚያው እከርማለሁ። አድራሻው ከታች አለ።

ሎርና


ፕሪቸት ሐይቅ
ሴፕቴምበር 21

ለሎርና፣

ይቅርታሽን ተቀብያለሁ፤ የእኔንም አብረሽ ተቀበይ። አንቺ በፖስታ፣ እኔ በቲማቲም፤ ማን ማንን እንደበለጠ ግሬታ ትፍረድ።

ቁጥሩን ጠይቀሻል። ሃምሳ ስምንት።

አዎ፣ በስድስት ሳምንት። ቁጥሩ ተሳስቶ እንዳይሆን ብለሽ እንዳትጽፊ፤ እኔ ራሴ በረንዳ ላይ የሩቅ ማያ መነጽር ይዤ ተቀምጬ ነው የቆጠርኩት፤ ሌላ ሥራ አላስቀራችሁልኝም። ሰዉ ይወጣል፣ ያጠምዳል፣ በቀን ሃያ ሠላሳ ይይዛል። ከዚያ አንስቶ ያየዋል፣ ይስመዋል ማለት ይቀላል፣ ይለቀዋል። ሃያ ሰባት ሰው ይውጣ ብሎ እጁን ያወጣ ጊዜ አንዳቸውም አላመነቱም። መንጠቆው ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ቄስ ይሆናል።

«ለምን ለቀቅኸው?» ብዬ ከበረንዳዬ ጮህኩ፣ ማዶ ላለው ሰው።

«ይሄ ትንሽ ነው» አለኝ።

«ትንሹን ነው ውሰድ የተባልከው።»

«ሌላው ይወስደዋል፣ ኤልሮይ።»

አርባ አንድ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሁሉም ሌላውን ይጠብቃል፣ ሌላው ደግሞ ሁሉንም። ቨርሊን ወሬውን ይሰማና ቀኑን ይቆጥራል። የእርባታ ጣቢያው ዓሣ ማዘዣ ቅጽ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

አናድዶኝ አናድዶኝ ኢዶራን መንገድ ላይ አቆምኳት።

«ኢዶራ፣ ድምፅ ሰጥተሻል። ትናንት ዘጠኝ ይዘሽ ዘጠኙን ለቀቅሽ። እንደ ቀድሞው በስም ስለምታውቂያቸው ነው?»

ሴትየዋ ቀላች። «እንደዚያ በል እንጂ ኤልሮይ፣ እንደዚያ ካልክ ይሻለኛል» አለች። እኔም አልለቀቅኳትም። በመጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤት ወስጄ ምን ላደርገው ነው? እንዴት እንደሚበለት አላውቅም» አለች።

አርባ ዓመት ያህል አብረን ኖረን ይህን አላውቅም ነበር። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሐይቅ ዳር ነው የኖረችው፤ ቢላ ዓሣ ላይ አሳርፋ አታውቅም። ያኔ ባሏ ነበር የሚበልት፤ ከዚያ የእኔ ደንብ መጣ። ከእሷ በኋላ አምስት ሰው ጠየቅሁ። ሰበባቸው ሁሉ የተለያየ፣ መጨረሻው ግን አንድ። አያውቁም። ላለማወቃቸው ያፍራሉ፤ ስለዚህ ለዓሣው ያዝናሉ።

እኔ በ1986 እጃቸውን ከዓሣው ያስጣልኩ መስሎኝ ነበር። ቢላውንም ነው ያስጣልኳቸው።

አሁን ምን አደርጋለሁ ብለሽ እንዳትጠይቂ። የእገዳውን ወረቀት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስለ መንጠቆ ይናገራል፣ ስለ በትር ይናገራል፣ ስለ ጀልባ ይናገራል። ስለ ሌላ ነገር ምንም አይልም።

አያትሽ


ፕሪቸት ሐይቅ
ኖቬምበር 2

ለሎርና፣

በጤናሽ ይሁን። የወደቡ ከተማ ዝናብ ሰለቸኝ ብለሻል፤ ከድብ ይሻላል። በሁለት ደብዳቤ የጠየቅሽኝን ሳልመልስ የቆየሁት እጄ ስላልደረቀ ነው፤ ነገሩ ሲገባሽ ይቅር ትይኛለሽ።

ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ሁለት በርሜል ላይ ሳንቃ አጋደምኩ። የውሃ ጎማ ሳብኩ። ሦስት ቢላ ሳልኩ። ከፊቴ በካርቶን ላይ ጽፌ ሰቀልኩ፦ «የያዛችሁትን አምጡ። መበለቱ የእኔ፣ መብላቱ የእናንተ። ስድብ በነጻ።»

በመጀመሪያው ቀን ማንም አልመጣም። በሁለተኛው ኢዶራ ሦስት ባስ በዱቄት ከረጢት ይዛ፣ ፊቷን ወደ ዛፉ አዙራ አቀበለችኝ። ግሬታ ከጎኔ ቆማ ርዝመቱንና ክብደቱን ትጽፋለች፤ አንቺ ደስ ይበልሽ ብዬ ነው። ለክተን ስናበቃ ሆዱን ከፈትኩ፤ ባዶ ነበር። ሁለተኛውም ባዶ። ሦስተኛው ውስጥ አንድ የሸርጣን ጥፍር። ኢዶራ ሳታስበው ዞራ አየች።

«ምንም አልበላም?»

«ምንም።»

«እኔ ስለቀው ሄዶ የሚበላ ይመስለኝ ነበር» አለች።

ለእሷ ያዘጋጀሁት ስድብ ነበር፤ አልተናገርኩትም። በማግሥቱ አሥራ ሁለት ይዛ መጣች፣ ቢላውንም ጠየቀችኝ። እጅዋ መጥፎ ነው፤ ግማሹን ሥጋ አጥንቱ ላይ ትተወዋለች። ነገርኳት፤ «አንተም ንግግርህ እንደዚሁ ነው» አለችኝ። ለሌሎቹ ወሬውን ያደረሰችው እሷ ናት። በኦክቶበር ውስጥ ሰዉ ባልዲ ባልዲ እያመጣ ይሰለፍ ጀመር፤ ከመብለቱ ይልቅ ሆዱን ለማየት የሚመጣም ነበረ። አምስት መቶ አሥር ሆድ ከፍቻለሁ። አራት መቶ ሰባ አንዱ ባዶ። እነዚህን ሰዎች የአንቺ ሃያ ገጽ ያላሳመናቸውን የዓሣ ሆድ አሳመናቸው፤ አትቀየሚ።

አሁን የምትፈሪውን ቁጥር። ኦክቶበር ሠላሳ አንድ ቀን ሲመሽ ግሬታ ደመረች፤ ስድስት መቶ ሰማንያ ስምንት። ሁለት ጊዜ አስደመርኳት። ለአንድ ሺህ ሁለት መቶ አምስት መቶ አሥራ ሁለት ጎደለ። ኦገስትን ሙሉ ባይለቁ፣ ሴፕቴምበርን ባይለቁ ኖሮ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። መጨረሻ ላይ የገባቸውን ነገር መጀመሪያ ላይ ልነግራቸው የምችለው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ግን ስልሳ አራቱን ባስ ሰርቄ ጠበስኩ። ንዴቱን በማን ላይ እንደምጥል አጣሁ።

ማግሥቱን ሳንቃውን ላፈርስ ወረድኩ። ብርድ ነበር። ግሬታ ቡና በፔርሙስ ይዛ ቆማለች። ቨርሊን ከጀልባው ወርዶ በባልዲ ዘጠኝ ባስ ይዞ መጣ። ያን ሁሉ ወር አንድም ቀን ወደዚህ ሳንቃ ቀርቦ አያውቅም። ባልዲውን አስቀምጦ መነጽሩን ሊያወልቅ እጁን ሲያነሳ፣ እጁ ቅርፊት በቅርፊት መሆኑን አየና ተወው።

«ቁጥሩ አልሞላም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ማዘዣውን ዛሬ ጠዋት መፈረም ነበረብኝ።»

«ፈረምከው?»

እጁን አሳየኝ። «በዚህ እጅ ወረቀት አይነካም» አለ። ወደ ሐይቁ ዞረና፣ «ነገም አይነካም። በረዶው እስኪይዝ ድረስ ስንት ሳምንት አለን?» አለ።

«ሦስት፤ ካመቸ አራት።»

«ጥሩ» አለና ከሦስቱ ቢላዎች አንዱን አነሳ። አያያዙ የደብዳቤ መክፈቻ ነው የሚመስለው። «በል አሳየኝ።»

ከጭንቅላቱ ሥር አስገባ፣ አጥንቱ ሲሰማህ ቢላውን አጋድመህ ወደ ጅራቱ ሂድ አልኩት። ያ ሰው የመጀመሪያውን ባስ ምን እንዳደረገው ልነግርሽ አልችልም። ድመት ያደረገችው ይመስል ነበር። ሁለተኛውም ከዚያ የባሰ። እኔ ለዚህ ቀን ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚያስፈልገኝን ንግግር አፌ ውስጥ ይዤ ነበር። ሦስተኛውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩለት፣ እሱም ቀስ ብሎ ወደ ጅራቱ ሄደ። አንድ ቃል አልወጣኝም። እንደማታምኚኝ አውቃለሁ፤ ግሬታን ጠይቂያት፣ ቆማ ታይ ነበር።

አያትሽ ኤልሮይ